ከልጆች ጋር በድሬዳዋ

ድሬዳዋ ውስጥ ልጆችን ይዞ ለመውጣት ያሰበ ቤተሰብ ከቦታው በፊት ሰዓቱን ይመርጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በተራሮች ግርጌ ተዘርግታ የምትገኝ ቆላ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ለዘብ ይላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ሽርሽር የሚባለው ወይ ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው፣ ወይ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ። በመካከል ያለው የእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ጎዳናው ጭር ይላል። ከደጋ የመጡ እንግዶች ይህን ሳያውቁ ሕፃን አዝለው በቀትር ሲወጡ ማየት ያሳዝናል። ልጁ ያለቅሳል፣ ወላጆቹም ከተማዋን ይወቅሳሉ። እነዚያው ሰዎች ከ10 ሰዓት በኋላ ቢወጡ ሌላ ከተማ ያያሉ።

የልጆች ሽርሽር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከከዚራ ነው። ከዚራ ከምድር ባቡሩ ጋር የተወለደ፣ መንገዶቹ ቀጥ ብለው የተሠመሩ፣ ግራና ቀኙን ዛፍ የተተከለበት ሰፈር ነው። የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ሲከፍላት ከዚራ በአንድ ወገን፣ አሮጌው የመጋላ ሰፈር በሌላው ወገን ይቀራሉ። በከዚራ ጥላ ሥር መሄድ ክፍያ የለውም፤ ትንሽ ልጅም ሳይደክመው ረጅም መንገድ ይሄዳል። በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ብዙ ሰው «የድሬዳዋ ዛፍ» እያለ የሚጠራው ዛፍ እዚህ በስሙ አገር ይገኛል። ሲያብብ እሳት የመሰለ ቀይ ይሆናል፤ አበባው ረግፎ አስፋልቱን ሲሸፍን ልጆች በእፍኛቸው ይለቅማሉ። አበባው ሲያልፍ ደግሞ ክንድ የሚያህል፣ ጎራዴ የሚመስል ጠፍጣፋ ፍሬ ያወጣል። ፍሬው ደርቆ ሲጠቁር ውስጡ ያሉት ዘሮች ይላቀቃሉ፤ ሲወዘውዙት እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። አንዱን ለልጅ መስጠት በቂ ነው። መጀመሪያ ጎራዴ ያደርገዋል፣ ቀጥሎ የሙዚቃ መሣሪያ፣ በመጨረሻ ሰብሮ ዘሩን ይቆጥራል። ከሱቅ የተገዛ መጫወቻ ይህን ያህል ሲያቆይ አላየሁም።

ከዚራን ይዞ የሚሄድ ሰው ምድር ባቡር ጣቢያው ዘንድ መድረሱ አይቀርም። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ተራራው አላስወጣ ስላለ ግን በ1895 ዓ.ም. ግርጌው ላይ ቆመ፣ በዚያም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ የተሰጣት ስምም አዲስ ሐረር ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው ከ14 ዓመታት በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። በጣቢያው ግቢ ከቆዩት ፉርጎዎች፣ ከሐዲዱና ከጥገና ክፍሉ ጋር ይህን ታሪክ ማስተማር ይቻላል። ለመግባት ግን አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ ተገቢ ነው፣ ብረቱ ልጅ ሊጎዳ ይችላልና። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው። ባቡር በማያልፍበት ቁራጭ ላይ አባት በአንዱ ብረት፣ ልጅ በሌላው ቆመው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሚዛናቸውን እየጠበቁ መሄድ ይችላሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚያልፈው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ መስመር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ባቡር አይተው የማያውቁ ልጆች የአሮጌውን ፉርጎ ደረጃ አንድ ጊዜ ከረገጡ በኋላ የሚጠይቁት ጥያቄ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጣቢያውን ለማለዳ ማቆየትና ጊዜ መስጠት ይሻላል።

ወደ ቀፊራ ገበያ የሚሄዱት ደቻቱን ተሻግረው ነው። በቀስት ቅርጽ በተሠራው በር ሲገቡ ልጁን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሰዉ ይበዛል፣ አህያና ግመልም ጭነት ይዘው ይገባሉ። ለልጅ ትልቁ ትርዒትም ይኸው ነው። ግመል አጠገቡ ሲንበረከክ የሚያይ ልጅ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ከገጠር የመጡት ሴቶች በደማቅ ልብሳቸው ሆነው አትክልቱን፣ ቅመሙንና ወተቱን ይሸጣሉ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ መደብ ፊት ሲቀያየሩ ይሰማል። የድሬ ልጅ ሦስት ቋንቋ ሰምቶ የሚያድገው በዚህ መልክ ነው። ለጉዞው ሽልማት የሚሆነው ሳምቡሳና ባጊያ ነው፤ ለጣፋጭ ወዳድ ደግሞ በዘይት ተጠብሶ ስኳር የጠጣው ብርቱካንማ ሙሸበክ አለ። እንደ ዘይቱን፣ ጊሽጣና ማንጎ ያሉ ፍራፍሬዎች በየወቅታቸው ይገኛሉ፤ ታጥበው መበላት አለባቸው።

ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ለልጅ ደግሞ ሰፊ አሸዋ ማለት መጫወቻ ማለት ነው። ወላጅ ግን እዚህ ላይ ሊጠነክር ይገባል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ደራሽ ውኃ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙ ቤትም ጠርጓል። በክረምት፣ በበልግም ጭምር፣ ወንዙን ከድልድይ ላይ ሆኖ ማየት ይበቃል። ይህን ታሪክ ለልጅ በሚመጥነው ቃል መንገር አያስፈራም፤ ልጆች ምክንያቱ ከተነገራቸው ይሰማሉ።

ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ይመጥናል። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያኑ ተመራማሪው ፒየር ቴያር ደ ሻርደንና ጸሐፊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬ አገኙት፤ በኋላ በተደረገው ቁፋሮ የድንጋይ መሣሪያዎችና ከ4,000 በላይ የቀይ ቀለም ድንጋይ ቁርጥራጮች ወጡ። ክብደታቸው ሲደመር 40 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ ከ40,000 ዓመታት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች ፈጭተው ቀለም ያወጡበት ነው። ግድግዳው ላይም ሥዕል አለ። አቀበቱ ግን ዳገታማና ጥላ የሌለው ስለሆነ ጎሕ ሲቀድ መነሣት፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ማስከተል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በቂ ውኃ መያዝ ግድ ነው። ሥዕሉን በእጅ አለመንካት ከመውጣታቸው በፊት የሚነገር ነው።

መዋኛ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ ዥዋዥዌ ያለባቸው የቡናና የጭማቂ ቤት ግቢዎችም ማታ ማታ በቤተሰብ ይሞላሉ። ሁሉም ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ያለ ክፍያ የሚገባበት፣ ጥላና ውኃ ያለው የልጆች መጫወቻ በየሰፈሩ ቢኖር የብዙ እናት ሸክም ይቀል ነበር። ሳቢያን ያለ ልጅና ገንደ ቆሬ ያለ ልጅ እኩል መጫወት ይገባቸዋል።

ሁለት ቀን ያለው ቤተሰብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሐረር ይወጣል። መንገዱ ደንገጎ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ደጋ ሲወጣ ሆዱ የሚታወክ ልጅ ስለማይጠፋ ቁርስ ቀለል ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ በመሆኗ ሹራብ ያስፈልጋል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ልጆች በጠባቡ የጀጎል መተላለፊያ ሲሮጡ መኪና አያሰጋቸውም፤ «መኪና ግርግር» በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የስፌት ማሽኖቹን ድምፅ ይሰማሉ፣ በራስ ተፈሪ ቤት ባለው ሙዚየም ጎራዴና የጥንት ሳንቲም ያያሉ። ግንቡ ግርጌ ጅቦች ሌሊት የሚያልፉባቸውን ቀዳዳዎች መፈለግ ደግሞ የራሱ ጨዋታ ነው፤ ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ግድም ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበሉት ሰዎች በስም እየጠሩ ያመጧቸዋል። ደፋር ልጅ ሥጋው የተንጠለጠለበትን እንጨት ይይዛል፤ የፈራውን ማስገደድ አይገባም፣ ከአባቱ ጀርባ ሆኖ ቢያይም አይቶታል። በዚያው ሌሊት ደንገጎን መውረድ ስለማይመከር እዚያው ያድራሉ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ድሬ ሲመለሱ መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር መስኮቱ ይከፈታል፣ ሞቃቱ አየር ይገባል፤ ሹራቦቹም አንድ በአንድ ይወልቃሉ።