ለምለም ዛፍ ለምን ይገነደሳል? የሥር አበስባሽ ፈንገስ ምንድን ነው?

ነሐሴ ላይ ነው። ደሴ፣ ከአጥራችን ጀርባ የነበረ ትልቅ ግራር ሌሊት ተገነደሰ። ንፋሱ ያን ያህል አልነበረም፣ ቅጠሉም ለምለም ነበር። ጠዋት ሰው ተሰብስቦ "ቡዳ በላው" ያለም አልጠፋም። እኔ ጎንበስ ብዬ ሥሩን አየሁት። ነጣ ያለ፣ እርጥብ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ፣ ሲስቡት እየተተለተለ የሚወጣ ነገር ሆኗል። ወፋፍራሞቹ ሥሮች አልተነቀሉም፤ እዚያው አፈር ውስጥ ተበጥሰው ቀርተዋል።

በላው የተባለው ግን እውነት ነው፣ የበላው ፈንገስ ነው እንጂ። የጅብ ጥላ የምንለው እንጉዳይ ፍሬው ብቻ ነው፤ ዋናው አካሉ ከጥጥ ክር የቀጠነ ሆኖ እንጨቱ ውስጥ ይኖራል። እንጨትን እንደ ሲሚንቶ አያይዞ የሚያጠነክር ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። አብዛኛው ተሕዋስ አይደፍረውም፣ እንዲህ ያሉ ፈንገሶች ግን ይፈጩታል። አርሚላሪያ የሚባለው አንዱ ነው፤ በሀገራችን ግራርም ላይ ተገኝቷል። ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱን ላጥ ስታደርጉ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት ነጭ ነገር ካያችሁ እሱ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ጥቁር የጫማ ክር የመሰለም ይዘረጋል።

ታዲያ ቅጠሉ ለምን አይደርቅም? ውሃ የሚስቡት ቀጫጭኖቹ ሥሮችና ዛፉን የሚያቆሙት ወፍራሞቹ ተግባራቸው ለየቅል ነው። በቂ ቀጫጭን ሥር እስካለው ድረስ ዛፉ አይጠማም፣ መቆሚያው ግን አልቋል። ውስጡን ለቄስ ይሏል ይሄ ነው (ወሎ ስለሆንን ለሼሁም)። ክረምት ሲገባ ደግሞ አፈሩ ጭቃ ይሆንና የተረፈውን ሥር አጥብቆ አይዝለትም፣ አናቱም ዝናብ አዝሎ ይከብዳል፤ ከዚያ ትንሽ ንፋስ ይበቃዋል።

አንዳንዴ በር የምንከፍትለት እኛው ነን። ቦይ ስንቆፍር፣ አጥር ስንሠራ ሥሩን በዶማ እንበጥሳለን። ፈንገሱ በቁስሉ ይገባል። አርሚላሪያ ደግሞ ከታመመ ሥር ወደ ጤነኛው እየተሻገረም ይሄዳል፣ አፈር ውስጥ በቀረ ሥር ላይም ለዓመታት ይቆያል።

ጎረቤታችን እዚያው ጉድጓድ ላይ ሌላ ችግኝ ሊተክል ነበር። "ጋሼ፣ መጀመሪያ የቀረውን ሥር እናውጣ" አልኳቸው። ሁለት ቀን ቆፍረናል፣ ገና አላለቀም።