ደረቅና የተጎዳ ፀጉር በቤት ውስጥ፦ ከለጋ ቅቤ እስከ ሹሩባ

በኢትዮጵያ ደረቅ፣ የተንጨባረረና የሚሰባበር ፀጉር ቤት ውስጥ ሲያዝ የኖረው ከሁሉም በላይ በቅቤ ነው። ፀጉሩ ይታጠባል፣ ለጋ ቅቤ ይቀባል፣ ሹሩባ ይሠራል፣ በሻሽ ይታሰራል። ሰሜኑም፣ ሸዋውም፣ ሐረሩም፣ አፋሩም፣ ሐመሩም የየራሱ አሠራር አለው። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ እናቶች በየቤቱ የሚያደርጉትን፣ የድሮ ተጓዦች ጽፈው የተዉትንና የቆዳ ሐኪሞች የሚሉትን እዚህ አንድ ላይ አድርገነዋል።

መጀመሪያ ፀጉር ለምን ይደርቃል? ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ከቆዳው ከወጣ በኋላ ሕይወት የለውም፣ ስለዚህ ሲጎዳ ራሱን መጠገን አይችልም። ውጪውን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው የሚሸፍኑት ስስ ሽፋኖች አሉት። እነሱ ተጣብቀው ሲተኙ ፀጉሩ ያበራል፣ ሲነሱና ሲላጡ ደግሞ ውስጡ ያለው እርጥበት ቶሎ ይወጣል፣ ፀጉሩም ይንጨባረራል። የራስ ቆዳ የራሱን ወዝ ያመነጫል፣ ግን ፀጉሩ ጥቅልል ከሆነ ወዙ በየመታጠፊያው እየቀረ ጫፍ ድረስ አይደርስም። የኛ ፀጉር በብዛት የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነውና ባለቤቱ ጥፋተኛ አይደለም። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። 30 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ፀጉር ጫፉ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ፀሐይ፣ ማበጠሪያና ሳሙና የተፈራረቁበት ነው ማለት ነው። እንክብካቤው ከሥሩ ይልቅ ጫፉ ላይ መበርታት ያለበት ለዚህ ነው።

ወደ ቅቤው እንምጣ። ቅቤ ከ100 እጅ 80 ያህሉ ስብ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ። ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ አናት ላይ ሲደረግ በሰውነት ሙቀትና በፀሐይ ቀስ እያለ እየወረደ ፀጉሩን ያዳርሳል። ለፀጉር የሚመረጠው ያልተነጠረው ለጋ ነው። ከተሜው የሸኖ ለጋ ይላል፣ ገጠር ያለው ደግሞ ከራሱ ላም። በብዙ ቦታ የደረቀ የአደስ ቅጠል ተወቅጦ ይገባበታል፣ ሽታውን ደስ የሚል ያደርገዋል። ገበያ ላይ ከፓልም ዘይት ጋር የተቀላቀለ ቅቤም ስላለ፣ ከሚያውቁት ሰው መግዛት ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቅቤ ለፀጉር ውሃ አይሰጥም፣ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ ይይዛል። ድርቅ ባለ ፀጉር ላይ ቢለድፉት ድርቀቱን ይዞ ይቆያል። የእናቶቻችን ቅደም ተከተል ትክክል የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፦ ታጥቦ ገና እርጥበቱ ሳይጠፋ ቅቤ ይነካል፣ ወዲያው ይሠራል፣ ይሸፈናል። ይህን ሥርዓት ማንም ላቦራቶሪ አላስተማራቸውም፣ ዛሬ የፀጉር ባለሙያዎች የሚመክሩት ግን ያንኑ ነው። የኮኮናት ዘይትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የህንድ ጥናት ፀጉር ሲታጠብ የሚያጣውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ምክንያቱ ላውሪክ አሲድ የተባለው ስብ ወደ ፀጉሩ ውስጥ መግባት መቻሉ ነው። ቅቤ ውስጥ ይህ ስብ ጥቂት ብቻ ስለሆነ ያንን ውጤት ለቅቤም መስጠት አይቻልም። ቅቤ ፀጉር ያሳድጋል የሚባለውም ቢሆን፣ እርግጠኛ መሆን የሚቻለው ሳይሰበር እንዲቆይ በመርዳቱ ርዝመቱን እንደሚያተርፍ ነው።

ቅቤ ቤት በሚዋልበት ቀን ተቀብቶ በማግስቱ ቢታጠብ ይበቃል። ብዙ ሲቆይ ይበላሻል፣ ሽታውም ለማንም አይመችም። ሲታጠብ ሙቅ ሳይሆን ለብ ያለ ውሃ፣ ሻምፑም ሁለት ጊዜ። ፎረፎር ያለበት ሰው ግን ቅቤውን ከራስ ቆዳው ማራቅ አለበት። ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ስብ እየበላ የሚኖር ነውና፣ ቅቤ ሲጨመርለት ይብሳል።

የፀጉር ነገር በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ ወደ ኋላ በተጎነጎነው ሹሩባቸው ይታወቃሉ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛም እንዲሁ ሹሩባ ነበሩ። ለወንድ ሹሩባ የጀግና ምልክት ነበር፣ በጦር ሜዳ ያልዋለ አይሠራውም ነበር ይባላል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1843 ገብቶ ሦስት ዓመት ገደማ ሲቆይ፣ አብዛኛውን በትግራይ፣ እንደ አገሬው በባዶ እግሩ ሄዷል፣ ፀጉሩንም ተሠርቶ ቅቤ ይቀባ ነበር። የተሠራው ፀጉር እንዳይበላሽ ሌሊት አንገት የሚያርፈው በእንጨት በርኩማ ላይ ነበር። ልጃገረዶች አናታቸውን ተላጭተው ዙሪያውን የሚተዉት ጋሜና ሳዱላም የዚያ ዓለም ነው። የቴዎድሮስ ፀጉር ራሱ የራሱ ታሪክ አለው፦ ከመቅደላ ተወስዶ ለንደን ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። ለጥቂት ጉንጉን ፀጉር ይህን ያህል ክብር የሚሰጥ ሕዝብ ፀጉሩን በቅቤ ቢንከባከብ አይገርምም።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጨረሻ ላይ ከተማው አፍሮ አበጠረ።

ቀጥሎ ሙቀቱና ኬሚካሉ መጣ፣ ዛሬ ፀጉር ቤት የምናየው ጉዳት አብዛኛው ከዚያ ነው። በከሰል የጋለ የብረት ማበጠሪያም ሆነ የኤሌክትሪክ ፔስትራ ከ180 ዲግሪ ሲያልፍ የፀጉሩን ፕሮቲን ያበላሻል፣ እርጥብ ፀጉር ላይ ሲሆን ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ፀጉሩን ይሰነጥቀዋል። ሪላክሰር የሚባለው ጥቅልል ፀጉርን የሚዘረጋ ኬሚካል ከዚህም ይከፋል። ፒ ኤች መጠኑ ከ12 በላይ የሆነ ጠንካራ አልካላይ ነው፣ ለፀጉር ቅርፁን የሚሰጡትን የሰልፈር ትስስሮች ይሰብራል። የተሰበረው አይመለስም። ሥሩ አዲስ ሆኖ እስኪያድግ ጠብቆ የተጎዳውን መቁረጥ ነው ያለው። የተሰነጠቀ ጫፍን የሚሰፋ ቅባት የለም፣ የተባለውን ሁሉ ከማመን መቀስ ማንሳት ይቀላል።

ከወጥ ቤት የሚገኙትስ? ተልባ ተቀቅሎ፣ ሳይበርድ ተጠልሎ የሚወጣው ዝልግልግ ለተንጨባረረ ፀጉር በጣም ጥሩ ነው፣ ስስ ሽፋን ሆኖ ፀጉሩን ያስተኛዋል። እሬትም ያለሰልሳል። የጉሎ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ጫፍ ላይ ትንሽ ጠብታ ይበቃል። እንቁላል ላይ ብዙ ተስፋ አይደረግም፣ ፕሮቲኑ ወደ ፀጉር ለመግባት በጣም ትልቅ ነው። የሚቀባ ካለ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠበው፣ በሙቅ ውሃ ከታጠበ እዚያው ፀጉሩ ላይ ይበስላል።

ሹሩባ የተጎዳን ፀጉር በየቀኑ ከመበጠር ስለሚያሳርፈው እውነተኛ ጥበቃ ነው። በነሐሴ ለአሸንዳ፣ ለሻደይ፣ ለአሸንድዬና ለሶለል ልጃገረዶቹ ተሠርተው ሲወጡ ማየት በራሱ ያኮራል። ነገር ግን ሹሩባ ማመም የለበትም። ግንባር የሚወጥር፣ ሲስቁ የሚጎትት፣ ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጭ የሚያወጣ ከሆነ ወዲያው ይፈታ። ሳይፈታ በተደጋጋሚ ከተወጠረ ፀጉሩ ከፊት እየሸሸ ይሄዳል፣ ሥሩ ጠባሳ ከያዘ በኋላ ደግሞ አይበቅልም። በሂዩማን ሄር ሲከብድ የበለጠ ይጎትታል። «ትንሽ ካላመመ አያምርም» የሚለው አባባል ብዙ ግንባር አራቁቷል። ማታ ደግሞ የጥጥ ሻሽ ወዙን ስለሚመጥ ሳቲን ይሻላል።

አራስ አናቷ ላይ ቅቤ የሚደረግላት ልማድም እስካሁን በብዙ ቤት አለ። ከወለዱ ከሁለት እስከ አራት ወር ገደማ በኋላ ፀጉር በብዛት ሲረግፍ ቅቤው ነው ያረገፈው የሚሉ አሉ፣ ቅቤው በመቅረቱ ነው የሚሉም አሉ። መንስኤው ከእርግዝና በኋላ የሚመጣው የሆርሞን ለውጥ ሲሆን፣ ልጁ ዓመት እስኪሞላው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ፀጉሩ በቦታ በቦታ ክብ እየሠራ ከተመለጠ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፣ ምናልባት የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር ወይም ጭርት ሊሆን ይችላል።