ፒኤም 2.5 ምንድን ነው?

አያቴና አክስቴ እንጀራ የሚጋግሩበት ማጀት መስኮት አልነበረውም። በሩ ገርበብ ሲል አንዲት የፀሐይ ጨረር ሾልካ ትገባለች። እኔ ጥግ ይዤ በጨረሯ ውስጥ ጭሱ ሲጥመለመል፣ አቧራው ሲጨፍር አያለሁ። አያቴ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል እፍኝ እፍኙን ከምጣዱ ሥር ትማግዳለች። ቅጠሉ ይንጣጣል፣ ቦግ ይላል፣ ከዚያ ወፍራም ጭስ ይተፋል። ሁላችንም ዓይናችንን እንጠርጋለን። አክስቴ ጀርባ ላይ የታዘለው ሕፃን ግን እጁም አንቀልባው ውስጥ ስለነበረ ዓይኑን የሚጠርግበት አልነበረውም።

ያን ጊዜ ጎጂው ነገር ያ ጨረሯ ውስጥ የሚጨፍረው አቧራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ተሸውጃለሁ። በዓይናችን አንድ በአንድ ለይተን የምናየው ብናኝ ሁሉ ፒኤም 2.5 ለመባል በጣም ትልቅ ነው።

ቃሉን ሳታውቁት አትቀሩም። ስልካችሁ ላይ የአየር ሁኔታ ስትከፍቱ ከሙቀቱ ዝቅ ብሎ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቀይ የሚሆነው ቁጥር በአብዛኛው ከእሱ የሚሰላ ነው። ፒኤም ‘ፓርቲኩሌት ማተር’ ለሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው፤ በእኛ ብናኝ ማለት ነው። 2.5 ደግሞ ልኩ ነው። ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ብናኝ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ከራሳችሁ አንዲት ፀጉር ንቀሉና ውፍረቷን እዩት። 2.5 ማይክሮሜትር የሆኑ ብናኞች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ያንን ውፍረት ለመሙላት ወደ 30 ያህል ያስፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፒኤም 2.5 የአንድ መርዝ ስም አይደለም፤ የመጠን ስም ነው። ወንፊት አስቡ። ጤፍም ይሁን ገብስ፣ አፈርም ቢሆን፣ ቀዳዳውን ካለፈ አለፈ ነው። የኩበት ጭስ፣ የናፍጣ ሚኒባስ ጥቀርሻ፣ ሰፈር ውስጥ የሚቃጠል ፌስታል፣ ሁሉም ይህን ወንፊት የሚያልፍ ብናኝ ይሰጣሉ። እንዲያውም መጀመሪያ ጋዝ ሆኖ ወጥቶ አየር ላይ ወደ ብናኝ የሚለወጥም አለ።

ታዲያ መጠኑ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? ቀኑን ሙሉ ሲጋገርበት ከዋለ ማጀት ወጥታችሁ ስትናፈጡ ጥቁር ይወጣል። እሱን አይተን እንደነግጣለን። እሱ እኮ የተያዘው ነው። የአፍንጫ ፀጉርና ንፍጥ ትልልቁን ብናኝ ያስቀሩታል። ትንሹ ግን ከአየሩ ጋር እየታጠፈ ይወርድና ሳምባ ጫፍ ላይ ያሉት የአየር ከረጢቶች ጋ ይደርሳል። እዚያ ንፍጥ የለም። ያሉት ጀርም የሚውጡ ጠባቂ ሕዋሳት ናቸው። እነሱ ጥላሸት ሲውጡ ከዋሉ ጀርም የመዋጋት አቅማቸው ይዳከማል። ከብናኞቹ እጅግ የደቀቁት ደግሞ ወደ ደም ያልፋሉ።

የሕፃን ነገር ይብሳል። የተወለደ ሰሞን ሕፃን በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ ትልቅ ሰው 15 አካባቢ ነው። ስለዚህ ለክብደቱ ሲሰላ ከእናቱ የበለጠ አየር ይስባል። ትንፋሹ የሚያልፍበት ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ካበጠ ይታፈናል። የአየር ከረጢቶቹም አብዛኞቹ የሚሠሩት ከተወለደ በኋላ ነው። ሳምባው ገና ግንባታ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

‘ጭስ ልጅ ያስላል ለማለት ደግሞ ጥናት ምን ያደርጋል?’ የሚል አይጠፋም። ያስፈልጋል። ጭስ ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ ሌላም ችግር አለበት። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ምግቡ አይበቃም፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። ልጁ ሳምባ ምች ሲይዘው ጥፋተኛው የትኛው ነው? ይህን ለመለየት ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ ጭሱ ብቻ ሲጠፋ ማየት ይጠይቃል። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ደግሞ ተፈልጎ አይገኝም።

አሜሪካ ውስጥ ግን አንዴ ተገኘ። በዩታ ግዛት፣ በተራሮች መሐል ባለ ሸለቆ፣ ጄኔቫ የሚባል የብረት ፋብሪካ ነበር። በእነሱ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ቀዝቃዛው አየር ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ አክንባሎ ይከድነዋል። ጭሱ መውጫ የለውም። በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ ናቸው)፣ ነሐሴ ላይ፣ ፋብሪካው ከሠራተኞቹ ጋር በተነሳ ውዝግብ ተዘጋ። ለ13 ወር ያህል ተዘግቶ ቆይቶ በአዲስ ባለቤት ተከፈተ።

አርደን ፖፕ የሚባል የዚያው አካባቢ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆስፒታሎቹን መዝገብ ሰብስቦ ቆጠረ። ሐኪም አይደለም፤ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል፣ በቆጠራ ብቻ። በ1989 ያወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ፋብሪካው በሚሠራባቸው ክረምቶች በብሮንካይትስና በአስም ሆስፒታል የሚተኙ ልጆች ቁጥር፣ ፋብሪካው ከተዘጋበት ክረምት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ተራራው ያው ነው፣ ሐኪሞቹም ያው ናቸው። ሲጋራ ነው እንዳይባል፣ አካባቢው በሃይማኖቱ ምክንያት አጫሽ የማይበዛበት ነው። ያን ጊዜ የተለካው እስከ 10 ማይክሮሜትር ያለው ብናኝ ነበር። አሜሪካ ለፒኤም 2.5 የራሱን ገደብ ያወጣችው በ1997 ነው።

ከዚያ ወዲህ ማስረጃው በዝቷል። በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ልጆችን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ለዓመታት ተከታትለው ሳምባቸውን ለክተዋል። አየሩ በቆሸሸበት ከተማ ያደጉት 18 ዓመት ሲሞላቸው ደካማ ሳምባ ይዘው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። አየሩ እየጸዳ ሲመጣ ደግሞ ከእነሱ በኋላ የመጡት ልጆች ሳምባ ተሻሽሎ ተገኘ። ለንደን ውስጥ በ9 ዓመቷ በአስም የሞተችው ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትኖረው መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ነበር። በታኅሣሥ 2020 የሞት መንስኤ መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰነ።

አሁን ወደ ማጀቱ ልመለስ። እዚህ ጋ ነገሩ ይወሳሰባል። በኢትዮጵያ ከ10 ቤተሰብ 9 ያህሉ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበት ወይም በከሰል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቤት ውስጥ በሚነሳ ጭስ ሳቢያ በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከ237 ሺሕ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ጉልቻውን አንስቶ የተሻለ ምድጃ መስጠት።

ተሞከረ። ጓቲማላ ውስጥ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሲሰጥ የልጆች ሳምባ ምች በአጠቃላይ እንደተጠበቀው አልቀነሰም፤ ጽኑው ዓይነት ግን በሲሶ ያህል ቀነሰ። ማላዊ ውስጥ ከ10 ሺሕ በላይ ልጆች ላይ ተሞክሮ በ2017 ውጤቱ ሲወጣ ምንም ልዩነት አልነበረም። እኛው ጋ፣ ጎጃም ሜጫ፣ ከ5 ሺሕ በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ አከፋፍሎ ለውጡን ተከታተለ። እዚያም የሚጨበጥ ልዩነት አልተገኘም።

ይሄን ስታነቡ ‘እና ጭሱ አይጎዳም ማለት ነው?’ ልትሉ ትችላላችሁ። አይደለም። ሁለት ሰው ቁመት ጥልቀት ባለው ኩሬ ውስጥ የገባ ሰው ውኃው ወደ አንድ ተኩል ቢቀነስለት ያው መስጠሙ ነው። ጉልቻ የሚነድበት ዝግ ማጀት ውስጥ ፒኤም 2.5 በአንድ ሜትር ኩብ አየር ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ከ1,000 ማይክሮግራም በላይ ይደርሳል፤ አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ምድጃው በግማሽ ቢቀንሰው እንኳ ቀሪው ብዙ ነው። ደግሞስ እንጀራ የሚጋገረው በየስንት ቀኑ ነው? ወጡ፣ ቡናው፣ ቆሎው በየቀኑ በሌላው እሳት ይቀጥላል። የጎረቤት ጭስም አጥር አያግደውም።

ይህም ብቻውን ሁሉን አይመልስም። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ለነፍሰ ጡሮች ሲሊንደር ጋዝ በነፃ ታድሎ ጭሱ በጣም ቀንሶ ነበር። በ2024 በወጣው ውጤት ግን የሕፃናቱ ጽኑ የሳምባ ምች ይህ ነው በሚባል መጠን አልቀነሰም። ሳምባ ምች መንገዱ ብዙ ነው። ምድጃን እንደ ክትባት አድርጎ ማስተዋወቅ ስለዚህ አይጥመኝም። እንጨት ይቆጥባል፣ ዓይን ያሳርፋል፣ ልጅ እሳት ላይ እንዳይወድቅ ያግዛል። ለዚህ ብቻ እንኳ ይገባናል።

ስለ ቁጥሩ ትንሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል፤ ቀድሞ 10 ነበር። ለ24 ሰዓት 15 ነው። አዲስ አበባ ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 ጀምሮ ሲለካ ቆይቶ በመጋቢት 2025 መረጃውን ለሕዝብ ማጋራት አቁሟል። ያም ቢሆን ይለካ የነበረው የውጭውን አየር ነው። ሕፃኑ የሚተነፍሰው ምጣዱ አጠገብ ያለውን ነው።

በተረፈ እሳቱን ደጅ አቀጣጥሎ ጭሱ ሲያልፍ ማስገባት ብናኙን ይቀንሳል። ከሰል ግን ጭሱ ጠፋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። በዝግ ቤት የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም።

ባለፈው አክስቴ ጋ ደውዬ ያን ጊዜ ልጁን አዝላ ለምን ትጋግር እንደነበር ጠየቅኳት። ከደጅ ብታስተኚው አይሻልም ነበር ወይ አልኳት። ሳቀች።

«ልጄ፣ አያትህ ዱቄት ታቦካለች፣ እኔ እጋግራለሁ፣ አንተ ጥግ ቁጭ ብለህ አቧራ ታያለህ። ማን ይያዝልኝ?»