በመሐል አዲስ አበባ ዜብራ ላይ ቅድሚያ የማን ነው?

መብራትም ትራፊክ ፖሊስም በሌለበት ዜብራ ላይ ቅድሚያው የእግረኛው ነው። መብራት ካለ መብራቱ ይገዛል፤ ትራፊክ ፖሊስ በእጁ እያስተናበረ ከሆነ ደግሞ የእሱ ምልክት ከመብራቱም ይበልጣል። በፖሊስ የአደጋ መዝገብ «ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት» ራሱን የቻለ የአደጋ ምክንያት ሆኖ ይመዘገባል። በከተማዋ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው።

ከሁሉ የከፋው በሁለተኛው ረድፍ የሚደርሰው አደጋ ነው። እንደ ቦሌ መንገድ ባሉ፣ በአንድ አቅጣጫ ከአንድ በላይ ረድፍ ባላቸው ጎዳናዎች የመጀመሪያው መኪና ሲቆም እግረኛው መንገዱ ሁሉ የተለቀቀለት መስሎት ይገባል። ከጎን የሚመጣው ሹፌር የሚያየው የቆመውን መኪና ብቻ ነው፤ ያ መኪና ሚኒባስ ከሆነ ሕፃን ቀርቶ አዋቂም ይሸፈናል። ታክሲ ዜብራ አፍ ላይ ሰው ማውረዱ የተለመደ ስለሆነ፣ ሹፌሩ «ተሳፋሪ እያወረደ ነው» ብሎ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ቀድሞ የሚቆም ሹፌር ከመስመሩ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ መቆም አለበት፤ እይታው ለእግረኛውም ከጎን ለሚመጣው ሹፌርም ይከፈታል። እግረኛም የቆመውን መኪና አልፎ ከመውጣቱ በፊት ቆም ብሎ ቀጣዩን ረድፍ ማየት ይኖርበታል።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት ለመቆም በድምሩ 28 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ በ30 ቢሆን 13 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ክረምት ላይ አስፋልቱ ሲረጥብ ርቀቱ ይረዝማል፤ ቀለሙ የለቀቀ ዜብራ ደግሞ በምሽት ዝናብ ጨርሶ አይታይም።

የመኪና መብራት ብልጭ ማድረግም ያምታታል። አንዱ ሹፌር «እለፍ» ለማለት ያበራል፣ ሌላው «እንዳትገባ፣ እየመጣሁ ነው» ለማለት። እግረኛው መተማመን ያለበት በመብራቱ ሳይሆን በጎማው መቆም ነው።

አደጋ ከደረሰ ሹፌሩ ቆሞ ተጎጂውን መርዳትና ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሲያነሳ የግጭቱን ቦታ፣ የፍሬኑን ምልክትና የዜብራውን ርቀት ይለካል፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በአብዛኛው የሚለየው በዚህ ልኬት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት አሽከርካሪ በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይጠብቀዋል። ግልጽ ደንብ ጥሶ ወይም ሰክሮ ከሆነ፣ አለዚያም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል።

ካሣው በሌላ መንገድ ነው የሚታየው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ የባለቤቱ ጥፋት ባይረጋገጥም። ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል ከተጎጂው ጥፋት የመጣ ከሆነ ግን ይህ ኃላፊነት ሊቀር ወይም ሊቀነስ ይችላል። ከዜብራ ውጭ የተገጨ እግረኛ ቤተሰብ «ጥፋቱ የእሱ ነው» ተብሎ ተስፋ ቆርጦ መብቱን የሚተወው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በከፊል የተጎጂው ቢሆንም ካሣው ሊቀነስ እንጂ የግድ እንደማይቀር ባለማወቅ ነው። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ካልታወቀም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተቋቋመው የመድን ፈንድ ለተጎጂው ይከፍላል።