አዮናዊ ትስስር ምንድን ነው?

አዮናዊ ትስስር ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አዮኖች (ኤሌክትሮን በማጣት ወይም በማግኘት ሙል ያገኙ አቶሞች) እርስ በርስ በመሳሳባቸው የሚፈጠር ኬሚካዊ ትስስር ነው። ብዙ ተማሪ ግን ፈተና ላይ «ኤሌክትሮን የመስጠትና የመቀበል ትስስር» ብሎ ይጽፋል። ለዚህ መልስ እኔ ብሆን ከግማሽ ነጥብ በላይ አልሰጥም፤ ምክንያቱን የምግብ ጨው ያስረዳልናል።

ሶዲየም በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ነው፤ ውሃ ሲነካው በኃይል ይንጣጣል። ክሎሪን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ በኢፕር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው መርዛማ ጋዝ ነው። ከሁለቱ የሚገኘው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች 2፣ 8፣ 1 ሆነው በእርከን ይደረደራሉ፤ የክሎሪን 17ቱ ደግሞ 2፣ 8፣ 7 ሆነው። የሶዲየም የመጨረሻ ኤሌክትሮን ወደ ክሎሪን ሲዛወር አንዱ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ አዮን ይሆናል።

«ሶዲየም ኤሌክትሮኑን መስጠት ይፈልጋል» የሚባለው አነጋገር ግን በሂሳብ ሲፈተሽ አይጸናም። በጋዝ መልክ ካለ አንድ ሞል (ኬሚስቶች የአቶሞችን ብዛት የሚለኩበት መጠን) ሶዲየም ኤሌክትሮን ለማላቀቅ 496 ኪሎጁል ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ክሎሪን ኤሌክትሮኑን ሲቀበል የሚለቀው 349 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው። ዝውውሩ ብቻውን ቢሆን 147 ኪሎጁል ይጎድለዋል፤ በኪሳራ የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ የለም። ጉድለቱን የሚሸፍነው የአዮኖቹ መሳሳብ ነው፦ ተሰባስበው ክሪስታል ሲሠሩ 787 ኪሎጁል ያህል ይለቀቃል። ትስስሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በክሪስታሉ ውስጥ እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን በ6 የክሎሪን አዮኖች ተከቧል፤ እያንዳንዱ የክሎሪን አዮንም እንዲሁ በ6 ሶዲየም። ስለዚህ «የጨው ሞለኪውል» የሚባል ነገር ጠጣር ጨው ውስጥ የለም። የፊዚክስ ሊቁ ሎረንስ ብራግ ይህን አደራደር በኤክስሬይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ሐሳቡ ለሁሉም አልተዋጠም፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1927 እንኳ ሞለኪውል የሌለው ጨው ከጤናማ አእምሮ ጋር ይጣላል ብለው በቁጣ ጽፈዋል።

አንድ ደረቅ የጨው ቅንጣት በመዶሻ ቢመታ እንደ ብረት አይለጠጥም፤ ፊታቸው ቀጥ ያለ ትንንሽ ስብርባሪዎች ይሆናል። ምቱ አንዱን የአዮን ድርድር ትንሽ ሲያንሸራትተው አዎንታዊው ከአዎንታዊ፣ አሉታዊው ከአሉታዊ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ተገፋፍተውም ይሰነጠቃሉ። ደረቅ ጨው አዮኖቹ ከቦታቸው ስለማይንቀሳቀሱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሲቀልጥ ወይም በውሃ ሲሟሟ ግን ያስተላልፋል። ለማቅለጥ 801 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስፈልጋል። ውሃ ያለዚህ ሁሉ ሙቀት የሚያሟሟው የሞለኪውሉ የኦክስጅን ጎን ሶዲየምን፣ የሃይድሮጅን ጎኑ ክሎሪንን ከብበው ስለሚያላቅቋቸው ነው።

የአዮኖቹ ሙል ሲጨምር መሳሳቡም ይበረታል። በማግኒዥየም ኦክሳይድ ውስጥ የሁለቱም አዮኖች ሙል በጨው ካለው እጥፍ ነው፤ የሚቀልጠውም ከ2800 ዲግሪ በላይ ነው። የአረብ ብረት ማቅለጫ ምድጃዎች ውስጠኛ ግድግዳ ከዚሁ ውህድ በተሠራ ጡብ የሚለበጠው ለዚህ ነው።