ሪፍሌክሶሎጂ ምንድን ነው? ሥልጠናውስ?

ባለፈው እሑድ ቡና እየቆላሁ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ገባች። «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለች። ቴሌግራም ላይ የወጣ ማስታወቂያ ነው። «በ5 ቀን የሪፍሌክሶሎጂ ባለሙያ ይሁኑ! ሰርተፍኬት አለው!» ይላል። ከሥሩ አንድ ጥንድ ውስጥ እግር ተስሏል፤ በቀለም የተሸነሸነ፣ የዓለም ካርታ የመሰለ። አውራ ጣቱ ላይ «አንጎል»፣ መሃሉ ላይ «ጨጓራ»፣ ተረከዙ ጋ «ዳሌ» ተጽፎበታል።

ልጅቷ በአካውንቲንግ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆናት። ሥራ የለም። «እውነት ሙያ ነው ወይስ ብር መብያ?» አለችኝ። እኔ በዚህ ነገር ድሮ አዲስ አበባ ሠልጥኛለሁ፤ ለጥቂት ዓመታትም እንጀራ በልቼበታለሁ። አቦሉ እስኪደርስ የነገርኳትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሪፍሌክሶሎጂ ማለት ውስጥ እግር ላይ፣ አንዳንዴም መዳፍና ጆሮ ላይ፣ የተወሰኑ ቦታዎችን በጣት እየተጫኑ መሄድ ነው። እያንዳንዱ ቦታ ከአንድ የሰውነት ክፍል ጋር ይገናኛል የሚል እምነት አለው። ቀኝ እግር ለቀኝ ጎን፣ ግራ እግር ለግራ ጎን። ስለዚህ ጉበት የሚፈለገው ቀኝ እግር ላይ ነው፤ ጣፊያ ግራው ላይ። ጣቶቹ ጭንቅላት ናቸው። ከጣቶቹ ሥር ያለው ወፈር ያለ ሥጋ ደረትና ሳንባ ነው። ጎድጎድ ያለው ሆድ ነው። ከአውራ ጣት እስከ ተረከዝ በውስጥ በኩል የሚሄደው ጠርዝ ደግሞ አከርካሪ ነው ይባላል። ሁለቱን እግር ጎን ለጎን ስትገጥሟቸው እውነትም ሰው ይመስላሉ። ካርታው ሰው ልብ ውስጥ ቶሎ የሚገባውም ለዚህ ይመስለኛል።

ከማሳጅ ይለያል። ማሳጅ ጡንቻ ያሻል፣ ቅባት ይፈልጋል፣ ልብስ ያስወልቃል። ይሄኛው የሚያስወልቀው ካልሲ ብቻ ነው። እዚህ ጅማ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። «ማሳጅ ቤት ነው የምሠራው» ያለች ልጅ ዓይን ሲጠቃቀስባት አይቻለሁ። እግር ግን ነውር የለውም። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናኑን እግር ያጥባል። ለሶላት ውዱ የሚያደርግ ሰው እግሩን ሳይታጠብ አይጨርስም። እናቶቻችንም መንገድ የሰበረውን እንግዳ ለብ ያለ ውኃ አቅርበው እግሩን አጥበው ነው ያሳደሩት። እግር መያዝ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳው ካርታው ነው።

ካርታው ከየት መጣ? አስተማሪዎች የጥንት ግብፅን መጥራት ይወዳሉ። እርግጥ ሳቃራ ውስጥ አንክማሆር የተባለ ሹም መቃብር ላይ፣ ከ4,000 ዓመት በላይ የቆየ፣ ሰዎች የሰው እግርና እጅ ይዘው የሚያሳይ ቅርጽ አለ። እያከሙ ይሁን ጥፍር እያስተካከሉ ግን ምሁራኑ አልተስማሙም። ዛሬ ግድግዳ ላይ የምናየው ካርታ የአሜሪካ ሥራ ነው፤ ዕድሜውም 100 ዓመት ገደማ ነው። ዊሊያም ፊትዝጄራልድ የተባለ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በ10 ቀጥ ያሉ ቀጠናዎች ከፈለ፤ አምስት በቀኝ፣ አምስት በግራ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1917 በመጽሐፍ አወጣው። ሕመም ለማደንዘዝ የታካሚዎቹን ጣት በልብስ መቆንጠጫና በላስቲክ ያስር ነበር። (ጥርስ የሚያመው ሰው ጣቱን በልብስ መቆንጠጫ ይዞ ወረፋ ሲጠብቅ አስቡት።) ከሱ በኋላ ዩኒስ ኢንግሃም የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነገሩን ወደ እግር አውርዳ ነጥብ በነጥብ ሳለችው። ከተማ ለከተማ እየዞረችም አስተማረች። ተማሪዋ ዶሪን ቤይሊ ወደ እንግሊዝ ወሰደችው። ታይዋን ውስጥ ደግሞ ዮሴፍ ኦይግስተር የተባሉ የስዊዘርላንድ ሚስዮናዊ ቄስ አስፋፉት። ለዚህ ነው ሁለት ዓይነት እጅ የሚያጋጥማችሁ። አንዱ በአውራ ጣት ለስለስ ብሎ ይሄዳል። ሌላው፣ የታይዋኑ፣ በጣት አንጓና በእንጨት ዘንግ ያስጮኻል።

አሁን ወደ ሥልጠናው። ልጅቷን በርጩማ ላይ አስቀምጬ እግሬን ጭኗ ላይ ጣልኩላት። ያችን አንድ ግንድ ተፈልፍላ የምትወጣውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ማለቴ ነው። ቁመቷ ለዚህ ሥራ ልክክ ያለ ነው፤ ወገብ አታስጎነብስም። «አውራ ጣትሽን የመጀመሪያው መገጣጠሚያ ላይ ብቻ እጠፊው» አልኳት። «ትንሽ ወደፊት ሂጂ፣ ተጫኚ፣ ዘርጊው፣ ደግሞ እጠፊው። አታንሸራትቺ። አባ ጨጓሬ ቅጠል ላይ ሲሄድ አይተሽ የለ?» ግራ እጇ እግሬን እንዲደግፍ፣ ጣቶቼንም ቀና አድርጎ እንዲይዝ አሳየኋት። ጀመረች። መጀመሪያ ጥፍሯ ወጋኝ። ሁለተኛ ትንፋሿን ያዘች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «እትዬ፣ አውራ ጣቴ ዛለ» አለች። አንድ ደንበኛ 45 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ይፈልጋል። በቀን አራት ቢመጡስ? ሙያው መጀመሪያ የሚያስተምረው ጣትን ነው። ጣት ደግሞ በአምስት ቀን አይማርም።

ደኅና ሥልጠና ውስጥ ሌላም አለ። የሰውነት አሠራር ትማራላችሁ። አንድ እግር 26 አጥንት አለው፤ ሁለቱ 52። ከጠቅላላው 206 አጥንታችን ሩብ ያህሉ እግራችን ውስጥ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሰውን አስቀምጦ መጠየቅ ይመጣል። ምን ያምሃል? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ስኳር አለብህ? ነፍሰ ጡር ነሽ? መልሱን መጻፍ፣ ምሥጢሩን መጠበቅ። ከዚያ ደግሞ ልምምድ፣ ልምምድ፣ ልምምድ። በእንግሊዝ የተለመደው ሦስተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወራት ይወስዳል። ሠልጣኙ የነካውን እግር ሁሉ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ተሰማው። ጅማ ላለ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ገና ድሮ፣ ኢንስቲትዩት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ወርደው ኅብረተሰቡ ውስጥ ነው የሚማሩት። በወረቀት ብቻ የተመረቀ የጤና ባለሙያ እዚህ ከተማ ማንንም አያሳምንም።

የኔን የመጀመሪያ ሥልጠና ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራውም። ሦስት ቀን ነበር። የነካሁት እግር አብራኝ የምትማረውን ልጅ እግር ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ወርቃማ ማኅተም ያለበት ሰርተፍኬት ተሰጠኝ፤ ፎቶ ተነሣን። በሳምንቱ አንድ ጎልማሳ ሰው መጡልኝ። ዘና ብለው ጋደም አሉ። ስጫናቸው «ጠንከር አድርጊው ልጄ፣ ምንም አልተሰማኝም» አሉ። ጠንከር አደረግሁ። «አሁንም የለም።» እኔ ሞኟ እጄ ደካማ መስሎኝ አንጓዬን ጨመርኩ። ኋላ ጣቶቻቸውን ከፈት ሳደርግ በትንሿና በቀጣይዋ ጣት መሃል ቁስል አየሁ። እሳቸው ቁስሉ መኖሩን አያውቁም ነበር። ለካ ስኳር አለባቸው። ከ12 ዓመት በላይ።

ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ሰውየው ጠጠር ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው አይሰማውም። ቁስሉ ሳይታወቅ ይሰፋል፤ መጨረሻው እግር እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። «አልተሰማኝም» የሚለው ቃል ለኔ እጅሽን አንሺ ማለት መሆን ነበረበት። ሦስት ቀን ሙሉ ግን ይህን ማንም አልነገረኝም። የነገሩኝ ኩላሊት የት እንዳለ ነው። እኒያን ሰው ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ሸኘኋቸው። ሰርተፍኬቱን ኮሜዲኖ ውስጥ ከትቼ እንደገና፣ በደንብ፣ ለመማር ወሰንኩ።

ስለዚህ ለሠልጣኝ ከካርታው በፊት የሚያስፈልገው እጅ የማይሰነዘርባቸውን እግሮች ማወቅ ነው። አንዱ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ የሚያም ከሆነ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያ ማሸት ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው። የእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ላይ አብዛኞቹ አሠልጣኞች አትንኩ ይላሉ። ትኩሳት፣ ክፍት ቁስል፣ የተነሣ ሪህም እንደዚያው። በኛ አገር ደግሞ አንድ የውጭ መጻሕፍት እምብዛም የማያነሡት አለ፤ ዝሆኔ። ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው እግሩ ቀስ እያለ ያብጣል። ብዙ ሰው እርግማን ወይም ተላላፊ ነው ብሎ ይሸሸዋል። አይተላለፍም። እግሩን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ይረዳዋል። በካርታ ነጥብ መጫን ግን አይረዳውም። ክረምት ላይ የጅማን ጭቃ ረግጦ የከተማችን መርካቶ የሚገባውን ገበሬ እግር ያየ ሰው ይህን ሳይማር እግር ልንካ ባይል ጥሩ ነው።

ታዲያ ካርታው እውነት ነው? ከውስጥ እግር የሚነሣው ነርቭ በቁርጭምጭሚት፣ በባትና በጭን በኩል ወጥቶ ወገብ አካባቢ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይገባል። ከእግር መሃል ተነሥቶ ወደ ጉበት ብቻ የሚሄድ መስመር የለም። ኢንግሃም ነጥቦቹ ላይ በቆዳ ሥር ጠጣር ክሪስታል ይጠራቀማል ብላ ነበር፤ ያን አሳይቶ ያረጋገጠ የለም። ኤድዛርድ ኧርነስት የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር 23 ጥናቶችን እ.ኤ.አ. በ2011 ሰብስበው መዝነዋል። ሪፍሌክሶሎጂ አንድም በሽታ እንደሚያድን አሳማኝ ማስረጃ አላገኙም። በዚያ ላይ የተለያዩ አስተማሪዎች ካርታ ራሱ አይገጥምም። ልብን አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ያስቀምጠዋል።

ይህን ስናገር ልጅቷ ፊቷ ወደቀ። «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» አለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ቡና ስትለቅም የዋለች ሴት እግሯን ለብ ባለ ውኃ ነክራ፣ ለአንድ ሰዓት ስልኳን ዘግታ፣ አንድ ሰው በጥንቃቄ ሲይዛት ትንፋሿ ይረጋል። ትከሻዋ ይወርዳል። አንዳንዷ ታንኮራፋለች። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ቢያገኘው አይቆጨውም። በሽታ አድናለሁ ስትይ ግን ዋሸሽ። «የጨጓራ መድኃኒትህን ተወው» ስትይ ደግሞ ሰው ጎዳሽ። ወለምታ ይዞ የመጣውንም ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሰፈራችን ወጌሻ ላኪው እንጂ አንቺ አትሞክሪው።

የወረቀቱ ጉዳይ ቀረ። ሰርተፍኬት ማለት «ተምራለች» የሚል ምስክር ነው፤ የሥራ ፈቃድ አይደለም። እንግሊዝ አገር እንኳ ሪፍሌክሶሎጂስት የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ አይደለም፤ የሚፈልግ ሰው በፈቃዱ ነው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው። እኛ አገር ሙያ ተምረሻል የሚያሰኘው ወረቀት ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) መሆኑን ማንም የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ያውቃል። ስለዚህ ሳትከፍይ በፊት ጠይቂ አልኳት። ሥልጠናው ለሲኦሲ ያስቀምጣል? ቤት ለመክፈት ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ጤና ጽሕፈት ቤት ምን ይላሉ? አሠልጣኙ ራሱ የት ተማረ? ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ስንት እግር እንነካለን?

ያቺን የመጨረሻዋን እዚያው ጻፈችላቸው። «ሰላም፣ በሥልጠናው ወቅት የስንት ሰው እግር ላይ እንለማመዳለን?» እኔ ቶናውን ቀዳሁ። መልሱ በረካው ሳይፈላ መጣ።

«እህታችን፣ ቦታው እያለቀ ነው። ግማሹን ክፍያ ይላኩና ይመዝገቡ።»

ስልኳን ገልብጣ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያ በርጩማዋን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ «ግራውን እግርዎን ያምጡ እስቲ» አለች።