«ፑኒካ ፊዴስ»፦ የካርታጎ ሰው ቃል

ሮማውያን አንድን ሰው ቃሉ የማይጨበጥ መሐላ አፍራሽ ነው ለማለት ሲፈልጉ «ፑኒካ ፊዴስ» ይሉ ነበር። በቁሙ ሲፈታ «የካርታጎ ሰው ታማኝነት» ነው፤ ምጸቱ ያለው እዚያው ላይ ነው። «ፑኒካ» የሚለው ቃል ዛሬ ቱኒዚያ በምንላት አገር ባሕር ዳር ካርታጎን የመሠረቱትን ፊንቄያውያንን ያመለክታል።

ታሪክ ጸሐፊው ሳሉስቲዩስ ይህን አባባል ሲጽፍ ከተማይቱ ከጠፋች መቶ ዓመት አልፏት ነበር። ከእርሱ በኋላ ሊቪዩስ ሮማን የወጋውን የካርታጎ የጦር መሪ ሃኒባልን «ከካርታጎ ሰውም የባሰ ከዳተኛ» አለው። የካርታጎ ሰዎች ራሳቸው የጻፉት ታሪክ ግን ለእኛ አልደረሰም፤ ተሰዳቢው መልስ የለውም።

ሃኒባል በማድፈጥና በማታለል የተካነ ነበር፤ ይህ ግን የጦር ብልሃት ነው። ስለ ቃል ማጠፍ ከተነሣ የሚታወሰኝ የእኛው «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ነው። በሲሲሊ ምክንያት የተነሣው የሮማና የካርታጎ የመጀመሪያው ጦርነት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ241 በውል ተዘጋ። ካርታጎ ደመወዝ ያልከፈለቻቸው ቅጥር ወታደሮች ሲያምፁባት ግን ሮማ አጋጣሚውን ተጠቅማ ሰርዲኒያን ወሰደች፤ 1,200 ታለንት (መክሊት) ተጨማሪ ካሣም ጠየቀች። የሮማ ወዳጅ የነበረው ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ እንኳ ለዚህ ምክንያት ሊያገኝላት አልቻለም።

የባሰው በ149 መጣ። የሮማ ምክር ቤት 300 የመኳንንት ልጆች በመያዣነት ከተሰጡትና ቆንስሎቹ (በየዓመቱ የሚመረጡት ሁለቱ የሮማ መሪዎች) የሚያዙት ከተፈጸመ የካርታጎ ነፃነትና ግዛት እንደሚጠበቅ ቃል ገባ። ልጆቹ ተሰጡ። ቀጥሎ መሣሪያ ተጠየቀ፤ 200 ሺህ ሰው የሚያስታጥቅ ትጥቅና 2,000 የድንጋይ መወርወሪያ አስረከቡ። እጃቸው ባዶ ከቀረ በኋላ ቆንስሉ ኬንሶሪኑስ ዋናውን ትእዛዝ አወጣ፦ ከተማችሁን ልቀቁ፣ ከባሕሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃችሁ ስፈሩ። በመርከብ ንግድ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ፍርድ ምን ማለት እንደሆነ እርሱም አልጠፋውም። የተሰጣቸውን ተስፋ ሲያስታውሱት፣ ታሪክ ጸሐፊው አፒያኖስ እንደሚተርከው፣ ካርታጎ ማለት እናንተ ናችሁ እንጂ መሬቱ አይደለም አላቸው።

በሩን ዘግተው ሦስት ዓመት ተዋጉ። ሴቶቹ ለአዲሶቹ መወርወሪያዎች ገመድ እንዲሆን ፀጉራቸውን ሸለቱ። በ146 ከተማይቱ ነደደች፤ በመጨረሻ እጃቸውን የሰጡት 50 ሺህ ያህል ሰዎችም ለባርነት ተሸጡ።